ቅርፊት የሌለው ዓሣና የክርስትና ስሜ

የክርስትና ስሜን አንድ የባሕር ዓሣ ሊወርሰው ነበር። ይህን ሳወራ የሚሰሙኝ ሁሉ ይስቃሉ፤ ነገሩ እንደሚያስቅ ስለማውቅ እኔም አልቆጣም። የጨው ባሕር ዓሣ፣ ውርጭ በሚያድርበት በጎጃም ደጋ ላይ፣ ከአንድ ዲያቆን ስም ጋር እንዴት ይገናኛል? የተገናኘው በጣልያን ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወታደሮቹ በሚታከሙበት ቤት ነው። ሰሚዎቼ ስቀው ሲሄዱ ግን ከእኔ ጋር የሚቀር ነገር አለ፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ቅኔዬን ደብረ ኤልያስ ጨርሼ የመጻሕፍት ትርጓሜ የጀመርሁበት ጊዜ ነበር። በመንገድ ላይ እግሬን ጉቶ ወጋኝ፤ ቁስሉ አመርቅዞ እስከ ጉልበቴ አበጠ። አብረውኝ ይሄዱ የነበሩት ተማሪዎች በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ማርቆስ አደረሱኝና፣ ሌላ ሐኪም ስላልነበረ፣ ከጣልያኖቹ ደጅ አስቀመጡኝ። መሞትና በጠላት እጅ መዳን ሁለቱም ከፊቴ ቆመው ሳለ ተሸካሚዎቼ እኔን ሳይጠይቁ መረጡልኝ።

ያከሙኝ ሐኪም ሸምገል ያሉ፣ የወታደር ልብሳቸው የሰፋቸው፣ ሲናገሩም ሲስቁም ሳል የሚይዛቸው ሰው ነበሩ። ረዳታቸው እግሬ እንዲቆረጥ ሲመክር እሳቸው «ገና ነው» እያሉ ቁስሉን በየዕለቱ በገዛ እጃቸው አጠቡት፤ እግሬም ተረፈ። ለወራት ተኝቼ ሳለ ቋንቋቸውን ከአጠገቤ ከተኙት ሕሙማን ለመድሁ። መቆም በቻልሁ ጊዜ፣ የአገሬውን በሽተኛ የሚያነጋግሩበት አስተርጓሚ አድርገው እዚያው አስቀሩኝ።

በዚያው ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ዱር ገብቶ በጮቄ በኩል ይዋጋ ነበር። እሱ ጠመንጃውን ታቅፎ በውርጭ ሲያድር እኔ የጠላትን ብርድ ልብስ ለብሼ አድራለሁ። ጸሎቴን ስጀምር ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የምጠራው እሱን ነበር፤ ጠርቼው ሳበቃ ግን ብርድ ልብሱ እንደ ድንጋይ ይከብደኝ ነበር።

ከማከሚያው ክፍል ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መጀመሪያ የገባሁባት ቀን አፍንጫዬን ያዝሁ። በመደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል፤ በየጠርሙሱ ውስጥ ዓሣ በአልኮል ተነክሮ ይታያል። ሐኪሙ ከጦርነቱ በፊት ምጽዋ ሳሉ ከባሕሩ ዳር የሰበሰቧቸው ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ከጣት የማይረዝም፣ ጭንቅላቱ የተደፈጠጠ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነበር። በሆዱ በኩል ክንፎቹ ተገጣጥመው እንደ ሲኒ የጎደጎደ መጣበቂያ ሠርተውለታል፤ ማዕበል ሲመጣ በዚያ ከዐለት ጋር ተጣብቆ ያሳልፈዋል።

የሐኪሙ ሙግት ይህ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሊቃውንት ይህን ዓሣ መልኩን አይተው ከሚመስሉት ዓሦች ጋር በአንድ ወገን ጽፈውታል። ነገር ግን የእነዚያ መጣበቂያ አንድ ወጥ ነው፤ የዚህኛው ከሁለት የተከፈለ ነው፤ ጥርሱም ሌላ ነው። ስለዚህ ራሱን የቻለ ወገን ነውና አዲስ የወገን ስም ሊወጣለት ይገባል። ይህን ለማስረዳት ዓሣውን በማጉያ መነጽር ሥር አድርገው፣ በክንፉ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን አጥንቶች በመርፌ እየለዩ ይቈጥሩ ነበር። እኔ መነጽሩን እይዝላቸው፣ የተናገሩትንም እጽፍላቸው ነበር።

እኔ የማውቀው የዓሣ አከፋፈል የሙሴን ነበር። አንድ ቀን ጠየቁኝና ነገርኋቸው።

«ክንፍና ቅርፊት ያለው ንጹሕ ነው፤ የሌለው ርኩስ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ሁለት ወገን ብቻ! የእናንተ ሕግ እንደ እኔ አልተቸገረም። እንግዲያ ይህ የእኔ ወዳጅ ርኩስ ነው ማለት ነው?»

«ርኩስ ነው። ደግሞም» አልሁ፣ መከራከሩ ጥሞኝ፣ «አዳም ስም ባወጣ ጊዜ ዓሣ አልቀረበለትም። በኦሪቱ የተጻፈው እንስሳ፣ ወፍና የምድር አውሬ ነው።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነትህን ነው?» ብለው ከሣጥናቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው ገለጡ፤ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ መልሰውም አነበቡ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው፣ «እንግዲያ ሥራው ለእኔ ቀርቷል» አሉ።

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የነበረኝን ደስታ ልደብቅ አልችልም። በትርጓሜ ቤት አንዲት ቃል ከምን ከምን እንደምትለይ ስንመረምር የሚሰማኝ ደስታ ነበር፤ እዚህም አንዲት ጥርስ ከሌላዋ ጥርስ ስትለይ ያው ደስታ ተሰማኝ። ክፍሏን ዘግቼ ስወጣ ግን የቆሰሉ ወታደሮች ከጮቄ በኩል ሲመጡ አያለሁ። ማን እንዳቆሰላቸው አውቃለሁ። በደስታዬም በሐዘኔም ማፈር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

የጎጃም አመፅ እየበረታ ሲሄድ ካሚዮኖች በፈለጉ ጊዜ መምጣት ተዉ፤ መድኃኒትም አልኮልም አጠረ። የጠርሙሶቹ ፈሳሽ እየተነነ ጎደለ፤ ዓሦቹም መገርጣትና መሽተት ጀመሩ። ሐኪሙ በዚያ ሰሞን ምግብ አይበሉም ነበር። የወገኑ ስም ታትሞ ቢወጣ እንኳ፣ ለምስክርነት የተመረጠው ዓሣ ከጠፋ ተከራካሪ ሲነሣ የሚያሳዩት የለም። አሳዘኑኝና «በእኛ አገር ዳግም አረቄ አለ» አልኋቸው። በዚያው ቀን አንድ ልጅ እንስራ አስይዤ ወደ አንዲት አረቄ አውጪ ቤት ሄድሁ።

«ዳግሙን ስጪኝ፤ ከሁሉ የጠነከረውን» ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለራስህ ከሆነ ማተብህን ሸፈን አድርግ።»

«ለዓሣ ነው።»

«ለምን?»

«ለዓሣ። ሐኪሙ የሚያኖሩት ዓሣ አለ።»

ፊቷን ወደ ጓዳ መልሳ ጮኸች። «እናንተ ሴቶች፣ ኑና ጉድ ስሙ! ፈረንጁ ራሱ ይጨልጥና ለዓሣዬ ነው ይላል!» ከጓዳ ሳቅ መጣ። «ንገረው እስቲ፣ የእኔም ባል ዓሣ ነው በለው፤ እሱም ካልተነከረ ይበላሻል!»

እኔም ሳቅሁ። እንስራውን ሞልታ ስታቀብለኝ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድምህ ዱር ለዱር ሲንከራተት አንተ ለጠላት ዓሣ አረቄ ታመላልሳለህ። እንዲያው ምን ትሆን ይሆን አንተ?» አለችኝ። እንስራው እስከ ሐኪም ቤት ድረስ ከበደን።

አረቄውን ከሐኪሙ ጋር በመድኃኒት ቤቱ ዕቃ እንደገና አወጣነው፤ እንደ እሳት የሚፋጅ ሆነ። ዓሦቹ ተረፉ። ሐኪሙ ያቺን ትንሿን ጠርሙስ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንሥተው አዩአትና፣ «ያለ አንተ ይህ ሁሉ በስብሶ ነበር። የወገኑን ስም በአንተ ስም እሰይመዋለሁ፤ እኛ ዘንድ የረዳንን ሰው የምናመሰግነው እንዲህ ነው» አሉ።

የዓለም ስሜ አባቴ በጠላቶቹ ላይ የዛተበት ረጅም ስም ነው። ሐኪሙ የላቲን መጨረሻ ሊቀጥሉበት ሞከሩ፤ ምላሳቸው ታሰረ፤ ሁለታችንም ሳቅን። «ሌላ ስም የለህም?» አሉኝ።

ነበረኝ። በእኛ ዘንድ የክርስትና ስም በየአደባባዩ አይጠራም። ካህን በጥምቀት ያወጣልን፣ ሥጋ ወደሙ ስንቀበል የምንጠራበት፣ በሞትንም ጊዜ ፍትሐት የሚደረስልን በእሱ ነው። ክፉ ሰው ቢያውቀው መተት ይሠራበታል እየተባለ ከጎረቤት እንኳ ይሸሸጋል። ያን ስም እሳቸው ሳይደጋግሙ ጠየቁኝ፤ እኔም ሳላመነታ ነገርኋቸው። ለአንደበታቸው ተስማማ። በወረቀት ላይ ጽፈው፣ ጫፉን ቀጥለው አነበቡልኝ።

«ከሁሉ የሚበልጠው» አሉ፣ «ይህን ስም ማንም ለማንም ፍጥረት አልሰጠውም። በሕጋችን አንድ የወገን ስም ለሁለት ፍጥረት አይሆንም፤ አስቀድሞ የታተመውም ይጸናል። አንድ ጊዜ ከወጣ እኔ ራሴ ልሽረው አልችልም። ይህ ዓሣ ዓለም እስኪያልፍ በአንተ ይጠራል።»

የቅኔ መምህሬ በጉባኤ መካከል ሲያመሰግኑኝ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ክፍሏን ስጠርግ ጠርሙሷን አየኋት። ሐኪሙ ስሙን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከዓሣው ጋር ከተውታል፤ ወረቀቷ ከሆዱ ላይ ተለጥፋለች። ለሬሳዬ የሚጠራው ስም ከሞተና ቅርፊት ከሌለው ዓሣ ጋር በአረቄ ተነክሮ ፊት ለፊቴ ቆሟል። መጥረጊያውን ጣልሁት። ወዲያውም ወንድሜን አሰብሁ፤ አገር ነጻ ወጥቶ ሲመለስ፣ ስሜ በማይሻረው በጠላት መጽሐፍ ውስጥ ሲጠብቀው ታየኝ።

ፈቃድ ጠይቄ የንስሐ አባታችን ወደሚኖሩበት ወደ ሮብ ገበያ ሄድሁ። የገብስ ማሳቸውን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው፤ እሾሁን እያቀበልኋቸው ሁሉን ነገርኋቸው። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ዓሣውን ማን አጠመቀው?»

«ማንም አላጠመቀውም፣ አባ።»

«እንግዲያ ስምህ ያለው ከአንተ ዘንድ ነው። ፈረንጅ በጠርሙስ ከተተው ብሎ እግዚአብሔር አንተን ከዓሣ ጋር ያምታታሃል? ይህን ያህል ተምረህ ይህን ፈራህ?» አንድ እሾህ ተቀበሉኝና፣ «እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ ስምህን እሰጠዋለሁ ባለህ ጊዜ ደስ አለህ?» አሉኝ።

«ደስ አለኝ።»

«በጣም?»

«በጣም፣ አባ።»

«ስለዚያ ደስታ ስገድ፤ ቀኖናህ እሱ ነው። ስሙን አስፍቀው አላልሁህም፤ ተወውም አላልሁህም። ያ ሰው እግርህን አድኖልሃል፤ በዚያው እግርህ ነው እኔ ዘንድ የመጣኸው። ይህን አስበህ የወደድኸውን አድርግ።»

ስመለስ መንገዱን ሁሉ አሰብሁ። የንስሐ አባቴ ከዓሣው ፍርሀት ነጻ አወጡኝ፤ ከወንድሜ ፍርሀት ግን ነጻ ሊያወጡኝ አልቻሉም። ደብረ ማርቆስ ስደርስ ሐኪሙ ጽሑፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በሰም ሲያሽጉ አገኘኋቸው፤ በማግሥቱ ካሚዮኖች ወደ አዲስ አበባ ይወርዱ ነበር።

«ስሜን ይመልሱልኝ» አልኋቸው።

ሰሙን አስቀመጡ። «በእኔ አፍረህ ነው?»

«በአገሬ ላይ በመጣ መንግሥት መጽሐፍ ውስጥ ስሜ እንዲኖር አልፈልግም። እርስዎን ግን አልጠላም።»

ጥቅሉን በመዳፋቸው ደባበሱት። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ቆምሁ፤ ቢቆጡኝም እመርጥ ነበር። «እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር» አሉ። ጠርሙሷን ከፍተው ወረቀቷን በመቆንጠጫ አወጡና በመዳፌ ላይ አኖሯት። ወደ ምድጃው ጣልኋት፤ አረቄ ጠጥታ ነበርና በሰማያዊ ነበልባል ነደደች።

«ሌላ ስም ያውጡለትና ነገ ይላኩት» አልኋቸው።

«አይሆንም። የአንተ ስም ማንም እንዳልነካው አውቅ ነበር። ከግሪክ የማወጣው ስም ግን ምናልባት ቀድሞ ለአንድ ወፍ ወይም ለአንድ ጢንዚዛ ተሰጥቶ ይሆናል። አገሬ ጽፌ ሳልጠይቅ አልልከውም።»

«ካሚዮኑ ያመልጥዎታል።»

«ሌላ ካሚዮን ይመጣል» አሉና ሰሙን በቢላዋ ይልጡት ጀመር።

በማግሥቱ የሄደው ጥያቄያቸው ብቻ ነበር። ከዚያ አርበኞቹ ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ቆረጡት፤ ክረምቱም ገባ። መንገዱ መቆረጡን ስሰማ ከቆራጮቹ መካከል ወንድሜ አለ ብዬ ልቤ ሞቀ፤ ወዲያውም የሐኪሙን መልስ አስቤ ልቤ ቀዘቀዘ። አንዱ ወሬ ሁለቱንም አደረገብኝ።

በዚያ ክረምት ተስቦ ገባ። ሐኪሙ የታሰሩትን የአገሬን ሰዎች ሲያክሙ በሽታው ያዛቸው። ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ውሃ አቀርብላቸው ነበር። ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋቸው ዐይናቸውን ገልጠው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር።

«መልስ መጣ?»

«መንገዱ ሲከፈት ይመጣል» እላቸዋለሁ።

መንገዱ ሳይከፈት ሞቱ። በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ ልብሳቸውም፣ ፍራሻቸውም፣ በራስጌያቸው የነበረው ጽሑፋቸውም ከሣሏቸው የዓሣ ሥዕሎች ጋር በአንድነት ተቃጠለ። ወታደሮቹ ጠባቧን ክፍል ከፍተው ዓሦቹን ከግቢው ጀርባ ደፏቸው፤ አረቄውን ግን ጠጡት። እኔ ስደርስ ያ ዓሣ ከጭቃው ላይ ወድቆ ዶሮ ስትጭረው አገኘኋት። አባረርኋት እንጂ ላነሣው አልደፈርሁም፤ አንሥቼስ በምን ላይ ላኖረው? በዚያ ሳምንት አረቄ አውጪዋ በመንገድ አገኘችኝ። «ያ የዓሣው ሰውዬ ሞተ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኋት። ነጠላዋን አጣፋች። «ነፍስ ይማር» አለች።

አገር ነጻ ወጥቶ ወንድሜ በሕይወት ተመለሰ። በእጁ ላይ የጥይት ጠባሳ ነበረበት። የፈራሁትን ሁሉ ለእሱ የነገርሁት ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው፤ እሱ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ቂል! ዓሣ እኮ ነው! ተወው ብትለው ኖሮ ዛሬ ስምህ በምጽዋ ባሕር ይዋኝ ነበር!» አለኝ። እኔም አብሬው እንድስቅ ጠበቀ። ለመሳቅ ሞከርሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምር ወጣት የባሕር ዓሦች ሥዕል ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ቤቴ አመጣልኝ። እየገለጥሁ ሳለ ያን የተደፈጠጠ ጭንቅላት አገኘሁት፤ ከሆዱ በኩል የተሣለውም ነበረበት፤ መጣበቂያው ከሁለት የተከፈለ ነው። አስተማሪውን አስነበብሁት። ወገኑ ራሱን ችሎ ተጽፏል፤ ስሙ ከግሪክ የወጣ ነው፤ ያወጣለትም የሌላ አገር ሊቅ ነው፤ የታተመውም ከሐኪሙ ሞት በኋላ ነው።

«ከእሱ በፊት ይህን የተናገረ ሰው አልተጠቀሰም?» አልሁት።

«አልተጠቀሰም፣ አባ። ምነው፣ ያውቁታል?»

ዓሣውን አውቀዋለሁ አልሁት።

ይህን ነገር በየጊዜው ለንስሐ አባቶቼ አቅርቤዋለሁ። የመጀመሪያው ለደስታዬ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ፤ ያ ተፈጸመ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ግን ስለ ቀሪው ምንም ሊሰጡኝ አልቻሉም። አንደኛው ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ «አልዋሸህም፣ አልሰረቅህም፣ የራስህን ስም ነው መልስልኝ ያልኸው፤ በየትኛው ኃጢአት ልመድበው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በየትኛው እንደሚመደብ አላውቅም። የቀኖናው መጽሐፍ ኃጢአትን ከነወገኑ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ይህኛው ግን አንዱን ሲመስለኝ በሌላው ይለያል፤ ቀኖና ስላልወጣለትም አልተፈታልኝም። አገሬን አልበደልሁም። ሐኪሙንም አልበደልህም ይሉኛል። ግን ስሜን በዚያ ቀን ባልጠይቃቸው ኖሮ ጽሑፉ በማግሥቱ ካሚዮን ይሄድ ነበር።

ዛሬም በጸሎቴ የሙታንን ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ። ወንድሜንም አሁን ከእነሱ ጋር እጠራዋለሁ። እሳቸው ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። ወታደሮቹ በማዕረጋቸው ይጠሯቸው ነበር፤ እኔ ሐኪም እላቸው ነበር። በጽሑፋቸው ግርጌ የሚያኖሩት የቤተሰባቸውን ስም ነው፤ በፊቱ ካህን ያወጣላቸው ስም በአንዲት ፊደል ብቻ ይቆም ነበር፤ ያቺ ፊደል የየትኛው ስም መጀመሪያ እንደ ሆነች ሳላውቅ ተቃጠለች። እሳቸው የእኔን ጠየቁኝ፤ እኔ የእሳቸውን አልጠየቅሁም። ስለዚህ አረቄ አውጪዋ እንዳለችው፣ የዓሣው ሰውዬ ብዬ አልፋለሁ።